በየትኛው መስመር እንመርቅሽ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ ለሚጢጢ፣

ከምድር ቤቱ ሱቄ፣ ከቁልፎቼ መሀል ሆኜ ሰላምታዬን እልክልሻለሁ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። አክስትሽን ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷ ቀድሞ ይነግራታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ፈጣሪ በምትወጪበት በምትገቢበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ደውለሽ የነገርሽኝን የምሥራች ከሰማሁ ወዲህ የምሆነውን አጥቻለሁ። ስልኩ እንደ ልማዱ ሲንኮሻኮሽ፣ ሲቆራረጥ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ በቃ ላገባ ነው፣ ሌላ ጊዜ እናወራለን» ያልሽው ብቻ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ከዚያ ጠፋሽ። መልሼ ብደውል ያቺ የማትታክተው ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ብላ ዘጋችብኝ።

ለአክስትሽ ነገርኳት። አክስትሽ ለጎረቤት ነገረች። እኔ ደግሞ ከላይ ላለው ፀጉር አስተካካይ ነገርኩት፤ ለፀጉር አስተካካይ መንገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን የሕንፃው ጥበቃ እንኳን ሳይቀር «ሙሽሪት እንዴት ናት?» ሳይለኝ አያሳልፈኝም።

ልጄ፣ ሰውየው ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ሥራው ምንድን ነው? በስልክ እንዳትነግሪኝ፣ ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል። በጽሑፍ መልእክት ላኪልኝ እንዳልል ደግሞ የእኔ ጣት ሦስት ፊደል በአንዴ ነው የሚጫነው። ደብዳቤ ይሻላል። ስልኬም አርጅቷል መሰለኝ፤ ከተረፈሽ አንድ ደህና ስልክ ብትልኪልኝ አልጠላም።

ጋሼሽ

ኅዳር 2

ለውድ ጋሼና ለውድ እትዬ፣

ናፍቆቴ እንዲህ በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጤናችሁንና ዕድሜያችሁን ያብዛልኝ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ከፍቼ ጮክ ብዬ ስለሳቅሁ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ በእጇ የያዘችውን የላይ መንጋጋ ጣለችው። ደግነቱ ሰው ሠራሽ ነው።

እኔ «ላገባ ነው» አላልኩም። «ልገባ ነው» ነው ያልኩት። ጥርስ የምንሠራበት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር የማወራው፤ ሰዓቴ ደረሰና «በቃ ልገባ ነው» አልኩዎት። እባክዎ ለሰው ሁሉ ያስተባብሉልኝ። በተለይ ለፀጉር አስተካካዩ።

ስልክ እልክልዎታለሁ፣ ግን ስልኩ አይመስለኝም ጥፋተኛው። የያዙት መስመር ነው። እዚህ አገር መስመር የቀየርኩ ሰሞን እኔም ማስታወቂያ አይቼ ገዛሁና ቤቴ ውስጥ መስኮት ላይ ካልተንጠለጠልኩ የማይሠራ ሆነብኝ። ኋላ አንድ ሰው የመከረኝ ይህን ነው፦ ማስታወቂያውን ተዪው፣ የአገሩን ካርታ ምን ያህል እንደሸፈነም አትጠይቂ፤ አንቺ የምትውዪበት፣ የምታድሪበትና የምትመላለሺበት መንገድ ላይ ይሠራል ወይ? እሱን ብቻ እዪ። ስለዚህ የሰው ሲም ካርድ እየተዋሱ ሱቁ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ ይሞክሩ። መደወል ብቻ ሳይሆን የሚባለው ቃል ጥርት ብሎ መድረሱን ይፈትሹ።

የጋብቻውን ነገር ለጊዜው እንተወው።

ልጅዎ ሚጢጢ

ኅዳር 24

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ በሳቅ ሰንብተናል፤ ሳቅ ያለበት ቤት ደግሞ ሐኪም አይጠራም።

ለማስተባበል ሞክሬ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ ሰማኝና «ዛሬ ካልሆነ ነገ ይሆናል» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ምክርሽን ግን ይዣለሁ። እዚህ አሁን ሦስት ኩባንያ አለ። አንዱ ምልክቱ ጃንጥላ የሆነው ነባሩ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት። ሁለተኛው የወፍ ሥዕል ያለው አዲሱ ነው፤ ከተማውን በሰሌዳ ያለበሰው እሱ ነው። ሦስተኛው ደወል የሚሉት ነው። እሱን ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ሱቁ አንዲት ክፍል ናት፣ ውስጧ ያለችው ልጅ ደንበኛ ሲገባ ትደነግጣለች።

ጃንጥላው ምድር ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገኝ ልንገርሽ። አንዲት አስተማሪ ቁልፏ ውስጥ ቀርቶ በሩ ተዘጋባትና ደወለችልኝ። «አራተኛ ፎቅ ነኝ» ብላኛለች። እኔ የሰማሁት «አንደኛ ፎቅ» ነው። ሄድኩ፣ አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ሴትየዋ ጎረቤት ገብታ እየጠበቀች ይሆናል ብዬ መክፈት ጀመርኩ። በሩ ወለል ሲል አንድ ሰውዬ ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ምላጭ ይዞ ቆሟል። ተያየን። እሱ ምላጩን አልጣለም፣ እኔም መሮዬን አልጣልኩም። ደግነቱ አስተማሪዋ ጫጫታውን ሰምታ ወረደችና አስታረቀችን። በኋላ ሰውየው ራሱ «እንዲህ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነማ» ብሎ ቁልፉን አስቀየረኝ።

ይህ ሳቅ ይመስላል እንጂ እንጀራዬ ነው። በሩ የተዘጋበት ሰው ስልኬ እንቢ ሲለው ዞር ብሎ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ይጠራል።

ወፍንም ከጥበቃው ተውሼ ሞከርኩ። ሱቅ ውስጥ ይሻላል። አክስትሽ ገበያ ሄዳ እንድትደውል፣ እኔ የሰማሁትን እንድጽፍ ተስማማን። ደወለችና ጥቂት አወራችኝ። ማታ የጻፍኩትን አነበብኩላት፦ «ባለ ሱቁ ሳመኝ።» እሷ ያለችው «ባለ ሱቁ ሰማኝ» ነው፤ ጮክ ብላ ስታወራ ሰውየው ዞር ብሎ ስላያት። እስክትመጣ ድረስ ምን ዓይነት ከሰዓት እንዳሳለፍኩ አንቺው ገምቺ።

ስልክ እንዳትልኪ፣ የእኔው ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። «ለጊዜው እንተወው» ብለሻል። አክስትሽ ይቺን «ለጊዜው» ደጋግማ አነበበቻት። የሌለ ነገር ለጊዜው አይተውም ትላለች።

ጋሼሽ

ታኅሣሥ 17

ለጋሼና ለእትዬ፣

ሰላማችሁ ይብዛ። እግዜር ጤና ይስጣችሁ፣ ከክፉ ይሰውራችሁ።

እትዬ ከደብዳቤ ውስጥ ሰው ያነባሉ። እሺ፣ ልናገር። ያን ቀን ያልኩት በእርግጥ «ልገባ ነው» ነበር። «ላገባ» ብለው ሲጽፉልኝ ግን የሳቅሁት ግማሹ በድንጋጤ ነው፤ ያልነገርኳችሁን የሰማችሁ መሰለኝ።

ሰው አለ። ወደ ሥራ የምሄድበትን ባቡር የሚነዳው ነው። አንድ ቀን ደክሞኝ እንቅልፍ ጣለኝና ባቡሩ ማደሪያው ድረስ ይዞኝ ገባ። መብራት ሊያጠፋ ሲዞር አገኘኝ። አልሳቀብኝም። «እዚህ የሚያድረው ባቡሩ ብቻ ነው፣ እህቴ» አለኝና እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ደወሉን ለሰላምታ ይነካልኝ ጀመር። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ዝምተኛ ነው፤ የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ነው። እስካሁን አንደበቴ የተያዘው በሌላ ነገር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለችው። ልጅቷ የፊት ጥርሶቿ ረግፈው፣ የእኔን ሥራ ስትሰማ «ለእኔም ሥሪልኝ» ብላ ያዘችኝ። የራስሽ ይበቅላሉ ብላት አታምነኝም፤ በየቀኑ እየመጣች አፏን ትከፍትልኛለች። ወድጃታለሁ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ «ልጅ ያለው ሰው» ሲባል ምን እንደሚሰማዎት ስለማላውቅ ፈራሁ።

ካልተቀየሙኝ ሠርጋችን በሚያዝያ ነው። የመጋበዣ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። ሁለታችሁም ባትችሉ እርስዎ ይምጡልኝ። ከጎኔ የሚቆም ሌላ ሰው የለኝም።

ሚጢጢ

የካቲት 3

ለጋሼ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የላክሁት ደብዳቤ መድረሱን እንጃ። ስደውል ወይ አይነሳም፣ ወይ ከተነሳ ድምፅዎ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት «ተቀየሙኝ እንዴ?» ብዬ ጮኼ ጠየቅኩ። የመለሱልኝ «ቀይ ነው» የሚል ይመስላል። ምኑ ቀይ እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ከተቀየሙኝም ይንገሩኝ። ዝምታዎን ግን አልቻልኩትም።

ሚጢጢ

የካቲት 20

ይድረስ ለልጄ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልኝ። እኔም እንደ ደረሰኝ ቶሎ ባለመጻፌ አክስትሽ ስትቆጣኝ ከርማለች። «አልተቀየምኩም» ነው ያልኩሽ፤ ቀዩን ጃንጥላው የጨመረው ነው።

አንድ ነገር ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አንቺ ወደ እኛ ቤት የመጣሽ ቀን ቀሚስሽን ገልብጠሽ ለብሰሽ፣ አንዲት ከረጢት ይዘሽ ነበር። እህቴ፣ እናትሽ፣ ካረፈች ገና ሳምንቷ ነበር። እኔና አክስትሽ ልጅ አልነበረንም፣ ልጅ እንዴት እንደሚታጠብ አናውቅም። በሩ ላይ ቆመሽ «የት ነው የምተኛው?» አልሽን። አክስትሽ «መሀላችን» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የራስ ልጅ፣ የሰው ልጅ የሚባል ነገር እኛ ቤት የለም። አንቺን የሚያህል ነገር አፉን ከፍቶ የተቀበለ ሰው፣ ልጅ ያለው ሰው ሲባል ምን ይሰማዋል ብለሽ ፈራሽ? ደስ ነው ያለኝ። ሰውየው ልጅ የማሳደግ ልምድ አለው ማለት ነው፤ እኛ አልነበረንም።

መምጣቱን በተመለከተ፣ አልችልም። ሱቁን ለማን ትቼ? አሁን ደግሞ ሕንፃው ውስጥ በየቢሮው ቁልፍ እየተቀየረ ነው፤ ሥራው በላይ በላዩ ነው። የአክስትሽም ጉልበት አለ። ስለዚህ ከዚሁ ሆኜ በስልክ እመርቅሻለሁ። ከስልኩ ላይ ድምፅ ማጉያ ይገጠማል አይደል? አዳራሹ በሙሉ ይስማ።

ከእንግዲህ የመስመር ጉዳይ የዋዛ አይደለም። በቁልፍ ጊዜ አራተኛና አንደኛ ቢምታታ ሰውዬ በሳሙና ይወጣል፤ በምርቃት ጊዜ ቃል ቢምታታ ግን እርግማን ሊሆን ነው። «ይባርካችሁ» ብዬ «ይበትናችሁ» ብትሰሙስ?

ጋሼሽ

መጋቢት 11

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎን ይዤ ባቡሩ መጨረሻ ድረስ ሄድኩ፤ አሁን ግን ተኝቼ አይደለም። የእኔ ባቡር ነጂም አነበበው። ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። መልስልኝ ብለው እስካሁን አልመለሰልኝም።

ሱቁ ስለማይዘጋ አለመምጣትዎን ተረድቻለሁ። ቁልፍ የሚቀይሩት ሰዎች ለአንድ ሳምንት የሚታገሡ መስሎኝ ነበር። ይሁን። ሥራ ሥራ ነው።

ድምፅ ማጉያውን ሙሽራው ራሱ ይገጥማል። የሠርጉ ዕለት እሑድ ከቀትር በኋላ በእኛ ሰዓት ስንቀመጥ እንደውላለን።

ሚጢጢ

መጋቢት 30

ለልጄ፣

ሰላምና በረከት ካንቺ አይለይ።

መስመሩን መርጫለሁ፣ ለሙሽራው ንገሪው። ደወል ነው። አዎ፣ ያ የሚሳቅበት። ሲሙን ስገዛ ያቺ ልጅ ደግማ ደጋግማ «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ለካ ማማቸው የቆመው ከእኛ ቤት ጀርባ ካለው የማተሚያ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ሳሎን ጥርት፣ ማድ ቤት ጥርት፣ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር እንኳን ጥርት። አክስትሽ ገበያ ሄዳ የሆነ ያልሆነውን አወራችኝ፤ አንዲት ቃል አልተሳሳትኩም። ባለ ሱቁም ማንንም አልሳመ።

ፀጉር አስተካካዩ «ከከተማ ስትወጣ እኮ አይሠራም» ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። እውነቱን ነው፤ ከከተማው መውጫ ድልድይ ወዲያ ደወል ድዳ ነው። ግን እኔ ከከተማ የምወጣው መቼ ነው? መኖሪያዬ እዚህ፣ በሮቼ እዚህ። የአገሩን ግማሽ የሚሸፍን መስመር ገዝቼ ሱቄ ውስጥ ከምደነቁር፣ ሰፈሬን ብቻ የሚሸፍን ይዤ ልስማ።

አክስትሽ በዕለቱ ምርቃቱን እንደ ዜማ እንዳላስረዝመው አስጠንቅቃኛለች። አጭር ይሆናል።

ጋሼሽ

ግንቦት 6

ለጋሼና ለእትዬ፣

ዕድሜና ጤና ለእናንተ። አሁን ባለ ትዳር ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እጄ ግን ያው ነው፣ ፊደሌ አላማረም።

ያን ቀን ምን እንደተፈጠረ እዚያ ሆናችሁ ሙሉውን አታውቁትም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ማጉያው ከጎኑ። ጋሼ ሲናገሩ አዳራሹ ውስጥ የቆሙ ያህል ነው የተሰማው። «ቤታችሁ በሩ ለክፉ የተቆለፈ፣ ለደግ የተከፈተ ይሁን» ሲሉ ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። «ትንሿ ልጄ እናትሽን ጠብቂልኝ» ሲሉማ ማንም «አሜን» ለማለት ድምፅ አላገኘም። እኔ አለቀስኩ፣ ባሌ አንገቱን ደፋ፣ እንግዶቹ ፀጥ አሉ።

ለካ እርስዎ ያ ፀጥታ ሲመጣ መስመሩ የሞተ መሰለዎት።

«ተቋረጠ» አሉ።

«በምን አወቅህ?» አሉ እትዬ።

«ጃንጥላው እኮ እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ነበር፤ እሱ እስካለ መኖራቸውን አውቃለሁ። ይሄ ጭራሽ ምንም የለውም። እልም አለ።»

«ቢሆንም መርቀሃታል። ሰምታለች።»

እርስዎ ግን «በስልክ ይመረቃል እንዴ?» አሉ። «እጇን ይዤ፣ ከጎኗ ቆሜ ነበር እንጂ። እነዚያ የኤምባሲ ሰዎች መግቢያ ፈቃድ ቢሰጡኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው። ጫማ ሁሉ ገዝቼ ነበር።»

«ለልጅቷ ንገራት ብዬህ ነበር» አሉ እትዬ።

«ነግሬያት ሠርጓን በለቅሶ ታሳልፍ? ሱቁን መዝጋት አቃተው ብላ ብትቀየመኝ ይሻላል።»

ጋሼ፣ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። የባሌ አለቃ ሰማ። የምግብ ሳህን የሚያነሡት ሴትዮ ትሪያቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ። ያን ጊዜ ትንሿ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «አልተቋረጠም እኮ። ሁላችንም እየሰማን ነው» አለችዎት።

«ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። አንዱ ጥርሴ በቅሏል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሙት?»

«‹ተቋረጠ› ካልክበት ጀምሮ።»

ከዚያ እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ አዳራሹም ተከተላቸው። እርስዎ ስልኩን ጠርቅመው ዘጉት። ተቀይመው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሱቁ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ደብዳቤዬ ላይም ሳይታይብኝ አይቀርም። ይህን ሁሉ ለብቻዎ መያዝ አልነበረብዎትም። ያን ዕለት ማታ ባሌ ልብሱን እንኳን ሳይቀይር ፈረቃው የተጻፈበትን ወረቀት አውጥቶ ዕረፍቱን ይፈልግ ጀመር። ሐምሌ መጀመሪያ ሦስታችንም እንመጣለን። ቲኬት ቆርጠናል፤ ቀኑና ሰዓቱ ያለበትን ቅጂ አብሬ ልኬያለሁ። እንደ ደረስን እንድንደውል የትኛውን ሲም እንግዛ?

ሚጢጢ

ግንቦት 28

ይድረስ ለሚጢጢ፣ ለባሏና ለባለ ጥርሷ፣

በሰላም ያገናኘን። ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ አክስትሽ ናት፤ እኔ መነጽሬ ጉም እየሠራ አስቸገረኝ። ያን ቀን ስልኩን የዘጋሁት አፍሬ ነው። ከዚያ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ቀለለኝ። ጃንጥላው ቢሆን ኖሮ ግማሹ በነፋስ ይሄድ ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ ስለ ሱቅ እዋሽሽ ነበር።

ክፍልሽን አክስትሽ ቀለም እያስቀባችው ነው። ሁለት አልጋ ይገባል፣ ለትንሿ ደግሞ ሶፋው አለ። እሷ ሶፋ ላይ ካልተኛች ግን ቦታ አናጣም።

ሲም አትግዙ። አየር ማረፊያው ከድልድዩ ወዲያ ነው፣ የእኔ ስልክ እዚያ አይሠራም። ብትደውሉም አታገኙኝም። አትደውሉ። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ውጡ፤ መውጫው በር ላይ ቆሜ ታዩኛላችሁ።

ጋሼሽ